ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚሄድ እብጠት



ባለፈው እሑድ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንዲት ጎረቤቴ በራቸው ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከአርባ ምንጭ በኩል መጥቶ እሳቸው ዘንድ ነው። "ሲስተር፣ እስቲ የዚህን ልጅ ጉንጭ ይዩልኝ፤ ጥርሱ ነው መሰለኝ" አሉኝ።

የግራ ጉንጩ አብጧል። አያመውም፣ አያተኩሰውም፤ እየሮጠ ይጫወታል። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ሳለ አንድ ጥርስ ተነቅሎለታል፤ እብጠቱ ግን ጨመረ እንጂ አልጎደለም። በስልኬ ባትሪ አፉን ሳየው ከተነቀለው ቀጥሎ ያለው መንጋጋ ጥርስም ይነቃነቃል።

"ይሄንንም እናስነቅለው ይሆን?" አሉኝ።

"አይነቀልም፤ ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን" አልኳቸው። ለምን እንዲያ እንዳልኩ ለእናንተም ላስረዳ።

የወተት ጥርስ መነቃነቅ የሚጀምረው 6 ዓመት ገደማ ላይ ነው፤ እሱም ከፊት ጥርሶች። የኋላዎቹ የሚወድቁት ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ የኋላ ጥርሱ ሲነቃነቅና ጉንጩም ሲያብጥ፣ የታመመው ጥርሱ ሳይሆን ጥርሱን የያዘው መንገጭላ ሊሆን ይችላል።

እርግጥ የጉንጭ እብጠት ሁሉ ክፉ አይደለም። የተበላ ጥርስ መግል ይቋጥራል፤ ያማል፣ ያተኩሳል፣ ሲታከም በጥቂት ቀናት ይጎድላል። ጆሮ ደግፍም ከጆሮ ሥር አብጦ በሳምንት በአሥር ቀን ይድናል። የሚያሰጋው ብዙም ሳያም በየቀኑ የሚያድገው ነው።

ከእነዚህ አንዱ የበርኪት ሊምፎማ የሚባል የልጆች ካንሰር ነው። ስሙን ያገኘው በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ ከነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከዴኒስ በርኪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 መንገጭላው ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም ያበጠ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲያይ ተጠራ። ነገሩ ግራ ስላጋባው ሌሎች ልጆችን መፈለግ ጀመረ፤ በ1958 ያየውን አሳተመ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በመኪና 10 ሺህ ማይል ያህል ተጉዞ በሽታው የሚገኝበትን በካርታ አሰፈረ። ካርታው ሞቃትና ዝናብ የሚበዛበትን ቆላ የሚከተል ሆነ። ዛሬ የሚታወቀው፣ ተደጋጋሚ ወባና በምራቅ የሚተላለፍ ኤፕስቲን ባር የተባለ ቫይረስ ተደማምረው ለበሽታው መንገድ እንደሚከፍቱ ነው። ካንሰሩ ራሱ ግን ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ ወንድምና እህቶቹን አታርቁበት።

እኛ ሳሪሶች ደገኞች ነን። ነገር ግን የቃሊቲ መናኸሪያ ጎረቤታችን ነው፤ ከደቡብ ቆላ የሚመጣ ዘመድ የሚያርፈው እኛው ቤት ነው። ሕክምና ስትሄዱ ልጁ ከየት እንደመጣና ወባ ይመላለስበት እንደነበር ሳትጠየቁም ተናገሩ።

ይህ በሽታ ሁለት ጊዜ ያታልላል። የመጀመሪያው ሲመጣ ነው። ዕጢው በአንድና በሁለት ቀን እጥፍ ሊሆን ይችላል። "ይነቀል፣ ግግ ይሆናል፣ ቅጠል ይታሰርበት" ሲባል ከሚያልፈው ከእያንዳንዱ ሳምንት ጋር ዓይን ይገፋል፣ ሆድ ያብጣል፣ እግር ይዝላል። ጠበሉንም ከሕክምናው ጎን ለጎን አድርጉት እንጂ አንዱ ሌላውን አያስቀር።

ምርመራው በዓይን አያልቅም። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሆድ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ደም፣ መቅኔና የጀርባ ፈሳሽም ይመረመራል። ብዙ ወላጆች "ጀርባው ከተወጋ ሽባ ይሆናል" ብለው እምቢ ይላሉ። መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው፤ አትፍሩ።

ዋናው ሕክምና መንገጭላ መቁረጥ አይደለም፤ ኬሞቴራፒ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕጢው በፍጥነት ሲፈርስ ፍርስራሹ ኩላሊት ላይ ይጫናል። በተለምዶ ግሉኮስ የምንለው ፈሳሽ በብዛት የሚሰጠውና ሽንት የሚለካው ለዚህ ነው። እናት ሆይ፣ ሽንቱ ካነሰ ነርሷን ጥሪ፤ አስቸገርኩ አትበይ።

ሁለተኛው ማታለያ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እብጠቱ እንዳመጣጡ ፈጥኖ ይሄዳል፤ በቀናት ውስጥ የልጁ ፊት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የዳነ የሚመስል የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ "እግዜር ይስጥልኝ፤ አዝመራው ደርሷል" ብሎ ይዞት ሲሄድ፣ እኔም ጉንጩን ስሜ ሸኘሁት። "ገና ዙር ይቀረዋል፤ አይሄድም" ብዬ በር ላይ አልቆምኩም። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስ መራመድ አቅቶት ነበር። አልተረፈም። ያ የሳምኩት ጉንጭ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለዚህ አደራ፣ እብጠቱ ቢጠፋም ዙሩን አታቋርጡ። በመሐል ካተኮሰው ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት፤ መድኃኒቱ የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክም ትኩሳት እስኪነጋ አይጠብቅም። ሕክምናው ካበቃም በኋላ ቀጠሮ ይቀጥላል፤ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ነው። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ብርሃን ፊቱን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ጥርሱን በንጹሕ ጣት ነካ አድርጉ፤ ሆዱን ዳብሱ፤ ክብደቱን ጻፉ። ዓይናችን ይለምዳል፤ ፎቶ ግን አይለምድም።

የልጆች ካንሰር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በጅማና በጎንደር ይታከማል። ከሩቅ ለሚመጡ ማረፊያ በማመቻቸት ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲና ተስፋ አዲስ ይረዳሉ። ገንዘብ አለቀ ብላችሁ ልጁን ይዛችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ አነጋግሩ።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ናሙና ሐሙስ ዕለት ተወስዷል፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ቀላል ነገር ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነም በጊዜ ደርሰናል። አያቱ ለቀጠሮ ቀን መጻፊያ ደብተር ገዝተዋል። እኔም በዚህኛው ልጅ በር ላይ እቆማለሁ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።