ረጅሙ አውቶሞቢል ገንዘብ አያስቀምጥም

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መግዛት ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ማጥፋት ሳይሆን ገንዘብ ማስቀመጥ ነበር። ዲኤክስ ወይም ቪትዝ የገዛ ሰው ሦስትና አራት ዓመት ይነዳዋል፤ ልጅ ያመላልስበታል፤ ለቅሶና ሠርግ ይደርስበታል፤ በመጨረሻ ሲሸጠው የገዛበትን ብር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቀበላል። በሌላው አገር ከመሸጫው ደጅ ገና ሲወጣ ዋጋው የሚወርደው ዕቃ እኛ ዘንድ እንደ ቦታና እንደ ወርቅ ይቆጠር ነበር። ደላላው በዚህ ሂሳብ ኖረ፤ ነጋዴውም እጁ ላይ የተረፈችውን ብር ከባንክ ወለድ ይልቅ በመኪና ማስቀመጥን መረጠ። ሲቸግረው በሳምንት ውስጥ ወደ ጥሬ ብር ይለውጠዋልና።

ይህ ሂሳብ አዲሱ ረጅም የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ዘንድ ሲደርስ ተሰብሯል ባይ ነኝ። መኪናው ጥሩ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ጥሩነቱን ከዚህ በታች እመጣበታለሁ። ነገር ግን በዲኤክስ ሂሳብ የሚገዛው ነጋዴ ብዙ ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ለመሆኑ ይህ ረጅም መኪና እንዴት መጣ? ቀደም ሲል ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ የቤት አውቶሞቢል 100 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይጣልበት ስለነበር፣ ትልቅ አዲስ መኪና የኤምባሲ፣ የባለሥልጣንና የጥቂት ባለጸጎች ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ በሚገባው ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ተወ። ቀጥሎም በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተገለጸ። በዚህ በር ከቻይና ትንንሾቹም ገቡ፣ ትልልቆቹም ገቡ። ከትልልቆቹ አንዱ ቢዋይዲ ሃን ነው፤ ርዝመቱ አምስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲ ሜትር የቀረው፣ ክብደቱ ከሁለት ቶን በላይ የሆነ። የዛሬው ጽሑፌ በእሱና በቢጤዎቹ ላይ ነው።

ባለቤቶቹን ስታነጋግሩ መጀመሪያ የምትሰሙት ምስጋና ነው፤ ምስጋናውም የሚገባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል እዚሁ ይጥላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና የእንጦጦን ዳገት እንደ ሜዳ ይወጣዋል። የኋላው ወንበርም ሰፊ ነው። አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ «እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሌላ መኪና ውስጥ አይገቡም ነበር፤ በዚህኛው እግራቸውን ዘርግተው እስከ ቢሾፍቱ ሄዱ» ብለውኛል። ድምፁ የለም፤ ጭስ የለም፤ ዘይት ቅየራ የለም። ቀኑን ሙሉ ስልክ እያነጋገረ ለሚዞር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ወሬ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ሲወጡ ነው። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው መንገድ ለዚህ መኪና የተመቸ ነው። ከዚያ ታጥፈው ወደ ሠፈርዎ ኮብልስቶን ሲገቡ ግን ሌላ አገር ነው። መኪናው ረጅምም ዝቅተኛም ስለሆነ በፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ ሆዱን ይልሳል፤ ወደ ግቢ የሚያስገባው ዳገት ላይ አፍንጫውን ይገጫል። የተለመደው መኪና ሆዱ ቢፋቅ ጉዳቱ ቆርቆሮ ነው። እዚህ ከወለሉ ሥር ያለው ባትሪው ነው፤ የመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል ማለት ነው። አንዳንዱ ባለቤት በሩ ሥር ያለውን ዳገት አስፈርሶ እንደገና በሲሚንቶ አስተካክሏል። ይህን ወጪ ሻጩም ደላላውም አይነግሯችሁም።

ጎማውም እንዲሁ ነው። 245 በ45 ባለ 19 ቸርኬ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ እንደ ኮሮላ ጎማ በየሱቁ የምታነሱት ዕቃ አይደለም። የጎማው ጎን ቀጭን ስለሆነ ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬው አብሮ ይጎዳል። ክብደቱም ስለሚበዛ ጎማ ቶሎ ይበላል።

የዕቃ መጫኛው ነገር ደግሞ ብዙውን ሰው ያስገርማል። አምስት ሜትር የሚሆን መኪና 410 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው። ከአሜሪካ የመጡ ሁለት እንግዶች አራት ትልልቅ ሻንጣ ይዘው ቦሌ ቢወርዱ፣ ሻንጣው ከፊሉ የኋላ ወንበር ላይ፣ ዘመድ ደግሞ ታክሲ ላይ ነው። አውሮፕላን ጣቢያ መቀበል ለእኛ ቤተሰብ የመኪና ዋና ሥራ መሆኑን የቻይና መሐንዲስ ከየት ያውቀዋል!

አሁን ወደ ቻርጁ እንምጣ፤ ብዙ ወሬ ያለው እዚህ ነውና። ትልቁ ባትሪ 85.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። የቻይና መለኪያ 715 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። በእኛ ዳገትና ትራፊክ 100 ኪሎ ሜትሩን በ18 ኪሎ ዋት ሰዓት ብናስበው 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለቤቶቹም የሚነግሩኝ በዚሁ አካባቢ ነው። ከተራ የግድግዳ ሶኬት በ10 አምፔር ቢሞላ ከባዶ እስከ ሙሉ ከ38 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ32 አምፔር መስመር ከ12 ሰዓት በላይ። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ አለ፤ መደንገጥ አያስፈልግም። በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚያጠፋው 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ በተራው ሶኬት እንኳ በስድስት ሰዓት ተኩል፣ ተኝቶ ሳለ ይሞላል። መብራት ካልጠፋ።

ችግሩ ያለው የቆጣሪውና የግቢው ባለቤት ማነው የሚለው ላይ ነው። የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ወፍራም መስመር ያስዘረጋል፤ ኧርዙን ያስተካክላል። ኧርዝ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ቻርጀሩም ኧርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ግን ሽቦ በመስኮት አያወርድም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል፤ ሌሎችም ከፍተዋል። እዚያ ተራ ይዞ መጠበቅ ጊዜው ትርፍ ለሆነለት ነው፤ ነጋዴ ግን ጊዜው ገንዘቡ ነው።

አዳማ ለሚመላለስ አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ሲወርዱ 700 ሜትር ያህል ቁልቁለት ስለሆነ ባትሪው ከተለመደው ባነሰ ቀንሶ ይደርሳሉ፤ ሰውም ይደሰታል። ሲመለሱ ያንን ከፍታ መልሶ መውጣት፣ ሰው ከጫኑ ለዳገቱ ብቻ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። ይኸውም ሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነው። በመሄጃው ቁጥር ተማምኖ የመመለሻውን የሚያሰላ ሰው ሞጆ ላይ መጨነቅ ይጀምራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደምሮ ሊኖሩበት የሚቻል መኪና ነው። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መሸጫው ዋጋ።

ዱሮ መኪና ገንዘብ ያስቀምጥ የነበረው ስለ ሦስት ነገር ነው። የውጭ ምንዛሪ ስለማይገኝ አዲስ ዕቃ በቀላሉ አይገባም፤ ታክሱ ከባድ ስለሆነ የአዲሱ ዋጋ አሮጌውን ደግፎ ይይዘዋል፤ መኪናው ደግሞ ያው ነው፤ የዘንድሮው ኮሮላ ከአምናው ኮሮላ እምብዛም አይለይም፤ መካኒኩም መለዋወጫውም በየመንደሩ አለ። በረጅሙ የኤሌክትሪክ መኪና ሦስቱም የሉም። ታክሱ ተነስቶለት ነው የገባው። አምራቹ በየዓመቱ ይለውጠዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ዋጋ ይቀንሳል። ሃን በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ቻይና ገበያ ላይ ሲወጣ የኤሌክትሪኩ መነሻ ዋጋ 229,800 ዩዋን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 መጀመሪያ መነሻው 179,800 ሆነ። የርካሹ ባትሪ አነስ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም 50 ሺህ ዩዋን ልዩነት ቀላል አይደለም። በ2025 ደግሞ ሃን ኤል የሚባለው በጥቂት ደቂቃ ከፍተኛ ቻርጅ የሚወስድ ሆኖ መጣ። የትናንቱ መኪና ዛሬ አሮጌ የሚሆነው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በካታሎግ ነው ማለት ነው።

«እኔ ግን አትርፌ ሸጫለሁ» የሚል ባለመኪና አጋጥሞኛል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የገዛ ነው። ያኔ በባንክ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ከ130 ብር በላይ ሆነ። በዚህ መካከል ከውጭ የመጣ ዕቃ የያዘ ሁሉ በብር አትርፏል፤ ብረት የያዘም፣ ጎማ የያዘም። ነጋዴ መጠየቅ ያለበት በሸጥኩበት ብር ያንኑ ዕቃ አዲስ መልሼ እገዛለሁ ወይ ብሎ ነው። ዲኤክስ ሸጦ ዲኤክስ መግዛት ይቻል ነበር። ይህን ሰውዬ ስጠይቃቸው ዝም አሉ፤ በኋላ ግን «ጨምሬበት ነው የምገዛው» አሉ።

ታዲያ ማን ይግዛው? በእኔ ግምት ብዙ የሚነዳና ሳይሸጠው ስምንትና አሥር ዓመት የሚቆይ ሰው። በቀን 80 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚነዳ ሰው 24,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህን ያህል መጠን ያለው የቤንዚን መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢጠጣ 2,880 ሊትር ነው፤ የኤሌክትሪኩ 4,320 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንባቢ በየጊዜው ባለው የማደያና የመብራት ዋጋ ያባዛው። የመብራቱ ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር መወሰኑን ግን አይርሳ፤ ያም ሆኖ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በአንጻሩ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት በቀን 15 ኪሎ ሜትር የሚነዳው በዓመት የሚያድነው 540 ሊትር ቤንዚን ብቻ ነው። ይህ ሰው መኪናውን የገዛው ለሠርግና ለስም ነው፤ ለስም መግዛት መብቱ ነው፤ ብቻ በሂሳብ መዝገቡ ላይ ሀብት ብሎ አይጻፈው። ከሥራ ማስኬጃ ብሩ ላይ አውጥቶ የገዛው ደግሞ ይባስ ነው። ዕቃ ማስመጫ ሲጠፋ መኪናውን በሳምንት እለውጠዋለሁ ያለው ሰው ወር ሙሉ ገዢ ሲጠብቅ፣ ገዢውም በየቀኑ ሲያወርድበት አይተናል።

ለደላሎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የባትሪውን ዕድሜ አስፈሪ አድርጎ ዋጋ ማውረድ ሰሞኑን ልማድ ሆኗል። የሃን ባትሪ የብረት ፎስፌት ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነት ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ቢጨርስ የሚችል ነው። ሺህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ እንኳ ከ400 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያን ያህል የነዳ በከተማችን እስካሁን አላየሁም። መፈራት ያለበት ከሥር የተመታ ባትሪ ነው። ስለዚህ ያገለገለውን የሚገዛ ሰው በሳሎን ሻይ እየጠጣ ሊብሬ ከማየቱ በፊት መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ በሊፍት ያስነሳ፤ የባትሪውን መሸፈኛ በእጁ ይዳስስ። የባትሪውን የጤና መጠን በኮምፒውተር አስነብቦ በወረቀት ይቀበል። ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ፣ መተግበሪያውም በመጀመሪያው ገዢ ስም ከተያዘ፣ ይህ የዋጋ ቅናሽ የሚጠየቅበት ምክንያት ነው። የቻርጅ ማድረጊያው መሰኪያ የቻይናው ነው ወይስ የአውሮፓው የሚለውንም ከክፍያ በፊት ይጠይቅ፤ ማገናኛው ለብቻው የሚገዛ ነውና። ሻጩ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሩን «ቤት ረስቼው ነው» ካለ ደግሞ፣ እስኪያመጣው ድረስ ቀብድ አይክፈል።