የተቀባ እርጅና

በዛገ ብስክሌት ላይ አዲስ ቀለም ቀብቶ አሮጌ ማስመሰል ውሸት ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን አላምንም። ሐሳቤን የለወጠው ክርክር ሳይሆን በገዛ እጄ የሠራሁት ሥራ ነው።

እዚህ አሜሪካ ከአሮጌ ዕቃ ብስክሌት እየገጣጠሙ ዝገቱን ሆን ብለው የሚተዉ ሰዎች አሉ። ስልቱን «ራት ሮድ» ይሉታል፤ ስሙም መልኩም ከመኪና የተወሰደ ነው። ይሁን እንጂ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ የሆነ ብስክሌት ለዐይን ማረፊያ የለውም። ስለዚህ በፓራፋንጎው ጫፍ ቀይ መስመር፣ በካቴናው መሸፈኛ ላይ ጥቂት ነጭ ይጨምሩበታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ትናንት የተቀባ ቀይ ብዙ ዓመት ከኖረ ዝገት አጠገብ ሲቀመጥ እንደ ተውሶ ልብስ ያስታውቃል። ማርጀት አለበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የላላው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይራገፋል። ቀለሙ እንዲላጥ በሚፈለግበት ቦታ ቫዝሊን ይቀባል፤ ቀለም በቅባት ላይ አይጣበቅምና ደርቆ በጨርቅ ሲታሽ ይላጣል፤ ከሥሩም ዝገቱ ብቅ ይላል። የቀረው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይሳሳል። ቅባቱ በሳሙና ታጥቦ ሲደርቅ የማያብረቀርቅ ቬርኒሽ ይለብሳል።

የመጀመሪያ ሙከራዬን ያበላሸሁት ሁሉንም ቦታ እኩል በመፋቄ ነው። ብስክሌቱ ያረጀ ሳይሆን የታመመ መሰለ። እርጅና ቦታ እንደሚመርጥ ያን ጊዜ ገባኝ። የጋላቢው ሱሪ የሚታከከው የካቴናውን መሸፈኛ ነው። ግድግዳ ላይ ሲደገፍ የሚፋቀው አንድ ጎኑ ብቻ ነው። ጠጠር የሚያገኘው ከፔዳሉ በታች ያለውን ብረት ነው፤ ከኮርቻው ሥር ያለው ጥግ ግን ቀለሙን ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሣቴ በፊት ጋላቢውን መፍጠር ነበረብኝ። በየትኛው ጎን ይወርዳል? ብስክሌቱን የት ያስደግፋል? ዝናብ ላይ ያሳድረዋልን? ይህ የልብ ወለድ ደራሲ ሥራ ነው።

ታዲያ ልብ ወለድ ውሸት ነውን? አይደለም፤ ልብ ወለድ መሆኑን ራሱ ይናገራልና። አገር ቤት አዲስ ብራና በጭስ አጥቁሮ «የጥንት ነው» እያለ ለቱሪስት የሚሸጥ ሰውና እኔ የምንጠቀምበት ጥበብ አንድ ሊሆን ይችላል። የሚለየን ለተመልካቹ የምንነግረው ቃል ነው።

ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ጎረቤቴ ቀዩን መስመር በጣቱ እየዳሰሰ «ይህ ቀለም ስንት ዘመን አይቷል!» አለና ያላሰብሁትን ዋጋ ጠራልኝ። ለአፍታ ዝም አልሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝምታው ጣፋጭ ነበር። ከዚያ «ብረቱ አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ግን የባለፈው ቅዳሜ ነው» አልሁት። ሳቀ፤ ዋጋውንም ቀነሰ። ነገር ግን አልሄደም። ጎንበስ ብሎ ያንኑ መስመር እንደገና ማየት ጀመረ፤ አሁን የሚያየው ዕድሜውን ሳይሆን ሥራውን ነበር።

እርጅናን መቀባት ይፈቀዳል እላለሁ። ዓመተ ምሕረቱን መቀባት ግን አይፈቀድም።