ለፊውዝ ዓባይን መሻገር?

ቤት የተገጠመለት መኪና ከአምራቹ ሰርቪስ ማእከል በቀር ማንም አይንካው የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የጣናን ዳር የሚያውቁት አልመሰለኝም።

ጎርጎራ ላይ መኪናው ውስጥ የሚያድር መንገደኛ የውኃ ፓምፑ ቢቆምበት የትኛው አምራች ዘንድ ይሂድ? እንዲህ ያለው መኪና እኮ ብዙ ጊዜ አንድ አምራች ብቻ የለውም። ሞተሩንና ሻንሲውን፣ ለምሳሌ ፊያት ዱካቶን፣ አንዱ ይሠራል፤ ቤቱን ሌላው ይገጥማል፤ ማቀዝቀዣውና ምድጃው ከሌላ ይመጣሉ። የሻንሲው ማእከል «ቧንቧው አይመለከተኝም» ቢል አይፈረድበትም።

ደግሞስ መንገዱ? ማእከሉ አዲስ አበባ ነው እንበል፤ ከባሕር ዳር እዚያ ድረስ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሐሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ፤ ከደጀን ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። «ፍሬኑን ማእከሉ ያየዋል» ብሎ የሚነሣ ሰው ድፍረቱ ያስፈራኛል። ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። የባሕር ዳር መካኒክ ጎማውን አውልቆ፣ ፍሬን ሸራውን በጣቱ ዳስሶ፣ አንዱ ረዳት ፔዳሉን እየረገጠለት አሮጌውን ዘይትና አየሩን አስወጥቶ ይጨርሰዋል። ማንም መካኒክ ነኝ ባይ አላልኩም፤ እጁ የተመሰከረለትን ማለቴ ነው።

ኤርባግና የኮምፒውተር ብልሽት ሲሆን እስማማለሁ፤ ዋስትናው ያላለቀ መኪናም ወደ ማእከሉ ይሂድ። ለተቃጠለ ፊውዝና ለላላ የቧንቧ ማሰሪያ ሎቤድ ተከራይቶ ዓባይን መሻገሩን ግን ጸሐፊው ራሳቸው ከፍለው ይሞክሩት።