የበረራ መዝገቡ ያልጻፈው

አባቴ በ1969–70 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የካንቤራ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር ነበር። የበረራ መዝገቡን ስመረምር ያገኘሁት ሰዓት፣ ከፍታና የቦምብ ክብደት ነው፤ ከታች ማን እንደነበረ አንዲት ቃል የለችም። «የጀግናን አጥንት አትውቀስ» ይሉኛል። ለመሆኑ ጥያቄ ወቀሳ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? የወደሙ ታንኮችን ስንቆጥር አንደበታችን ይፈታል፤ ሐውዜን ላይ ስንደርስ ግን ይተሳሰራል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ የገበያ ቀን፤ ሚጎች ገበያተኛውን ከሰማይ ፈጁት። አባቴ ያኔ ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ ይህ ለእርሱ ዕድል እንጂ ለእኔ የዝምታ ፈቃድ አይደለም። ኦጋዴንን የተከላከለውና ሐውዜንን ያነደደው አየር ኃይል አንድ ነው። ማኅደሩ ይከፈት፤ አስቀድሞም ለሐውዜን ልጆች፣ ከዚያ ለእኔ።