መውጫውን ጠይቀው ይግቡ

«እኛ ዘንድ ስልክ በካርድ ነው፤ ውል የሚባል ነገር አናውቅም» የሚሉ ብዙ አያቶች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። እዚህ አማኑኤልም ሆነ ሞጣና ቢቸና አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ካርድ ሞልቶ ነው የሚደውለው፤ በወር መጨረሻ ቢል አይመጣበትም። ነገር ግን በዚያችው ትንሽ ስልክ ላይ፣ ሳይፈረም፣ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚገባባቸው ውሎች አሉ። ስንገባባቸው ቀላል ናቸው፤ ችግሩ መውጫቸውን የሚነግረን አለመኖሩ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። መድኃኒታቸው ሊያልቅ ሲል ደብረ ማርቆስ ላለው ልጃቸው ደውለው ይነግሩታል። ባለፈው ሰሞን ግን ሰኞ የሞሉት 50 ብር ሐሙስ ሲደርስ የለም። «ለማንም ሳልደውል ማን በላው?» እያሉ መጡ። ስልካቸውን አገላብጠን ስናየው ሁለት ነገር አገኘን። አንደኛው በየቀኑ መልእክት እየላከ ሂሳብ የሚቆርጥ አገልግሎት ነው፤ የልጅ ልጃቸው ጨዋታ ሲጫወት «እሺ» ብሎበታል። ሁለተኛው በየሳምንቱ በራሱ የሚታደስ የኢንተርኔት ጥቅል ነው። እሳቸው ኢንተርኔት ከፍተው አያውቁም። 50 ብር ለብዙዎች ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ነገሩ የብር ብቻ አይደለም፤ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ስልኩ ባዶ ሆኖ ማደር የለበትም።

ስለዚህ ውሉን በየዓይነቱ እንለይ። የየራሱ መውጫ አለውና።

የመጀመሪያው ተራው ጥቅል ነው፤ የቀን፣ የሳምንት ወይም የወር። ይህ አንዴ ከተገዛ ጊዜው ወይም መጠኑ ሲያልቅ ራሱ ያበቃል። በመካከል ተውኩት ብሎ የቀረውን ገንዘብ አስመልሳለሁ ብሎ መቁጠር አይገባም። መፍትሔው አስቀድሞ ማሰብ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖር ሰው የወር ጥቅል ከመግዛቱ በፊት በቀን ወይም በሳምንት ቢሞክር ይሻለዋል።

ሁለተኛው በራሱ የሚታደሰው ጥቅል ነው። ሲገዛ «በየጊዜው ይታደስ» የሚለው ተመርጦ ከሆነ፣ ሂሳብ ባገኘ ቁጥር ይቆርጣል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ *999# ብሎ ዝርዝሩን ማየት፣ ካልገባው ደግሞ 994 ደውሎ «በቁጥሬ ላይ በራሱ የሚታደስ ነገር ካለ አቋርጡልኝ» ማለት ይችላል። እንዲህ ባጭሩ ይጠየቅ። «ሂሳቤ ለምን አለቀ?» ብሎ መጀመር ረጅም ወሬ ያመጣል።

ሦስተኛው በአጭር ቁጥር የሚላከው መልእክት ነው፤ የስፖርት፣ የቀልድ፣ የሎተሪ፣ የጤና ምክርም ጭምር። መልእክቱ የመጣበትን አጭር ቁጥር ይያዙ፤ ወደዚያው ቁጥር «ስቶፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መላክ የተለመደው መውጫ ነው። መልእክቱን ማጥፋት ግን አገልግሎቱን አያጠፋውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መልእክቱን ይደመስስና ተገላገልኩ ይላል፤ ቆራጩ ግን በማግሥቱ ይመለሳል። ካቋረጡ በኋላ ሂሳብዎን በ*804# ዓይተው ይጻፉ፤ በማግሥቱም ያስተያዩ።

አራተኛው እውነተኛው የወረቀት ውል ነው። በድኅረ ክፍያ የሚሠራ ስልክ፣ ወይም ለቤት የገባ ዋይፋይ። ይህን የሚያቋርጠው ውሉ በስሙ ያለው ሰው ነው፤ መታወቂያውን ይዞ፣ ቀሪ ሂሳቡን ከፍሎ፣ የድርጅቱ ዕቃ ካለ መልሶ። ባለውሉ ከአገር ከወጣ ውክልና፣ ካረፈ ደግሞ ወራሽነትን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ሽቦውን መንቀል ወይም ሲሙን አውጥቶ መጣል ውል ማቋረጥ አይደለም። በዱቤ የተወሰደ ስልክም እንዲሁ ነው፤ ሲሙ ቢጣል ዕዳው አብሮ አይጣልም። ሲያቋርጡ ቀኑ ያለበት ማረጋገጫ ወረቀት ይቀበሉና ከቤት ካርታው ጋር ያስቀምጡት።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ስለዚህ የጊዜ ገደብና መቀጫ የተጻፈበትን ወረቀት ፈርሞ በኋላ «አላነበብኩትም» ማለት ብዙ አያራምድም። አገልግሎት ሰጪው አቤቱታዎን ሰምቶ መልስ ካልሰጠዎት ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም፤ ዘርፉን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መጀመሪያ ለድርጅቱ ያመልክቱ፤ ያመለከቱበትን ቀንና የተሰጠዎትን ቁጥር ይያዙ፤ ከዚያ ወደ ላይ ይሂዱ።

ልጆቻችን ባሉበት አገር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የስልክ ውል በመጀመሪያ እስከ 24 ወር ሊያስር ይችላል። በጀርመን ከታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ ደንበኛው በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መውጣት ይችላል፤ ቀድሞ ግን ሳያስጠነቅቅ የቀረ ሰው ለተጨማሪ አንድ ዓመት ይታሰር ነበር። በእንግሊዝ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንበኛ በአጭር መልእክት ብቻ ድርጅት መቀየር ይችላል፤ በመልሱም ቀድሞ በመውጣቱ የሚከፍለው ካለ ይነገረዋል። በሁለቱም ወገን በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገባ ውል በ14 ቀን ውስጥ የሚሰረዝበት መብት አለ። እንግዲህ ልጅዎ «አገር ልቀይር ነው» ወይም «ጠቅልዬ ልመጣ ነው» ሲልዎ ስለ ሻንጣው ብቻ አይጠይቁት። «የስልክ ውልህን ዘግተሃል?» ይበሉት። ባንኩን ክፍያ አቁም ማለት ውሉን አይዘጋም፤ ዕዳው እየተጠራቀመ ይጠብቀዋል።

በሕክምና ሥራ መድኃኒት ሲታዘዝ መጠኑ ብቻ አይጻፍም፤ ለስንት ቀን እንደሚወሰድም ይጻፋል። ለስልክ ውልም ይኸው ይሠራል። ከመስማማትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ መቼ ያልቃል? በራሱ ይታደሳል? ቀድሜ ብወጣ ምን እከፍላለሁ? ሻጩ ሦስቱንም በግልጽ ካልመለሰ፣ ነገ ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ መሄድ ነውር የለውም።

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ከልጅ ልጅዎ ጋር ተቀምጠው የቤቱን ስልኮች አንድ በአንድ ያስፈትሹ። ልጁን አይቆጡት። ካስደነገጡት ሌላ ጊዜ ይደብቅዎታል። በስልክ ላይ «እሺ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ እንዲያሳይዎ ብቻ ያስለምዱት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።