የመውጫ በር በቃል አይከፈትም

በካሊፎርኒያ የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ ርዕስ 8 ክፍል 3220፣ የአሠሪ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ በጽሑፍ የሰፈረ ሊሆን ይገባል። ከ10 የማይበልጡ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ግን ዕቅዱን በቃል ቢያስረዳ ይበቃዋል። ሠራተኛው ሥራ ሲጀምርና ዕቅዱ ሲለወጥ ገለጻ እንዲደረግለት ደንቡ ይጠይቃል፤ በእግሩ ተራምዶ፣ የኋላውን በር በእጁ ገፍቶ መውጣትን እንዲያለማምደው ግን አሠሪውን አያስገድድም።

ይህ ጉድለት ከፓልምስ እስከ ፌርፋክስ ጎዳና ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የጎዳናው ክፍል የንግዱ መልክ ትናንሽ ምግብ ቤትና ሱቅ ነው። ወጥ ቤት ከኋላ፣ እንግዳ ከፊት ይሆናል። ምድጃ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም፤ ዘይት ይግላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። የጤፍና የሽንኩርት ጆንያ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የኋላ በር ሥር ሲቀመጥ «አንሡት» የሚል ሰው የሚኖረው በሩን በየጊዜው የሚከፍት ካለ ነው። የእሳት አደጋ ልምምድ ሰውን ብቻ ሳይሆን በሩንም ይፈትናል። በ1991 በሰሜን ካሮላይና ሃምሌት ከተማ የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ሲቃጠል 25 ሰዎች የሞቱት በሮች ተቆልፈው ስለነበር ነው፤ በዚያ ፋብሪካ የእሳት ልምምድ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሎስ አንጀለስ ራሷ ትምህርቱን በሕይወት ዋጋ ገዝታለች። ሜይ 4 ቀን 1988 ሌሊት፣ በመሀል ከተማው ባለ 62 ፎቅ የፈርስት ኢንተርስቴት ባንክ ሕንፃ፣ 12ኛው ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። የጭስ ጠቋሚዎቹ ጮኹ፤ ጥበቃዎቹ ማስጠንቀቂያውን ደጋግመው መለሱት። አንድ የጥገና ሠራተኛ ነገሩን ሊያጣራ በአሳንሰር ወጣ፤ የአሳንሰሩም በር ሲከፈት እሳቱ ፊት ለፊቱ ነበር። በዚያ ሌሊት የሞተው እርሱ ብቻ ነው። የውኃ መርጫው ተከላ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ አገልግሎት ግን አልጀመረም። በእሳት ጊዜ አሳንሰር እንደማይያዝ በቃል የሚነገረው ሁሉ ይሰማል፤ ድንጋጤ ሲመጣ ግን ሰው የሚያደርገው የለመደውን ነው። ከዚያ ቃጠሎ በኋላ ከተማዋ በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ ጠበቅ ያለ ግዴታ ጣለች። ባለ አንድ ፎቁ ወጥ ቤት ከዚህ ሁሉ ውጭ ቀረ።

«ትንሽ ድርጅት አይችለውም» የሚለው መልስ በራሱ በግዛቲቱ ሕግ ይፈርሳል። ፈቃድ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ፣ ስድስት አረጋውያን ብቻ የሚጦሩበት ቢሆን እንኳ፣ በእያንዳንዱ ፈረቃ ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ የአደጋ ጊዜ ልምምድ እንዲያደርግ ይገደዳል። በቀን አረጋውያንን ተንከባክባ ማታ ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት በመጀመሪያው ቤት ልምምድ ይገባታል፤ በሁለተኛው ቤት፣ እሳቱ ከፊቷ እየነደደ፣ አይገባትም። ይህን ልዩነት ማን ይከራከርለታል?

የቋንቋውም ነገር አለ። የዚያው ርዕስ ክፍል 3203 አሠሪ ስለ ደኅንነት ከሠራተኞቹ ጋር የሚነጋገረው ሁሉም በቀላሉ በሚረዱት መልክ እንዲሆን ይደነግጋል። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ ለሚያነብ ዕቃ አጣቢ ይህን አያሟላም። በአማርኛ የሚደረግ ልምምድ ግን ያሟላል፤ ማንበብ ለማይችለውም ጭምር።

የባለቤቶቹ ስጋት ፈጽሞ ባዶ አይደለም። የቤት ኪራይ ከባድ ነው፤ ቅጣት የሚያስከትል አዲስ ደንብም ያስደነግጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ጥሰት በማስጠንቀቂያ ብቻ ይታለፍ። ልምምዱ ራሱ ግን ምግብ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ መሣሪያም አይገዛበትም።

የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች የቃሉን ፈቃድ መሻር አያስፈልጋቸውም። ምድጃ በሚነድበት በማንኛውም የሥራ ቦታ፣ የሠራተኛው ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ፈረቃ በዓመት ሁለት ጊዜ ሠራተኞች በሚረዱት ቋንቋ በእግር የሚወጣ ልምምድ እንዲደረግ፣ ቀኑና የተገኙት ሰዎች ስም በአንድ ገጽ እንዲመዘገብ የሚያዝ አንድ አንቀጽ በክፍል 3220 ላይ ይጨመር። የከተማው እሳት አደጋ መምሪያም የልምምዱን መመሪያ በአማርኛ አሳትሞ ለፌርፋክስ ወጥ ቤቶች ያድርስ።