ባለሥልጣን ሌባ የሚሆነው ከሥልጣን ሲወርድ ብቻ ነው እንዴ?

(ከጉለሌ)

ሰሞኑን ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ የሰማሁትን ላካፍላችሁ። ሬዲዮው ስለ ሹማምንት ሥነ ምግባር ይሰብካል። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ደሞ ማን ወረደ?» ብለው ጠየቁ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ሰውየው እኮ «ማን ሰረቀ?» አላሉም። «ማን ወረደ?» ነው ያሉት!

በዚህች አገር የሹም ሌብነት አደባባይ የሚወጣው ሹሙ ከጌቶቹ ጋር ሲጣላ ነው። እስከዚያ ድረስ «ጓድ» ነው፣ «ክቡር ሚኒስትር» ነው። ያላመነ አብሮኝ ይቁጠር።

ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ ንጹሕ ታጋይ ነኝ ብሎ ነበር። የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት፣ በኋላም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት አቶ ታምራት ላይኔ በጥቅምት 1989 ዓ.ም ድንገት ተነሡ። ፓርላማ ፊት ቆመው ጥፋታቸውን አመኑ። በ1992 ዓ.ም 18 ዓመት ተፈረደባቸው፤ 12 ዓመት ያህል ታስረው በ2001 ዓ.ም ወጡ። ያጠፋ ይቀጣ፣ ማንም አይጠላም። ግን እስከ መነሣታቸው ዋዜማ ድረስ ማን ትንፍሽ ይል ነበር? ጉዱን የነገረን የድርጅቱ ግምገማ ነው። ከግምገማው በፊት ስለ ባለሥልጣን የጻፈ የግል ጋዜጠኛ ምን ይጠብቀው እንደነበር ያን ዘመን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ቀጥሎ 1993 መጣ። ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። በዚያው ዓመት፣ ጉድ በሉ፣ የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ! «አንጃ» ከተባሉት አንዱ፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ፣ በሙስና ተከሰው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ ብለው ወሰኑ። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሰው ያዟቸው። ወዲያውም በሙስና የተጠረጠረ ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ስድስት ዓመት ገደማ ታስረው በ1999 ዓ.ም ተፈቱ። ሰረቁ አልሰረቁም የሚለውን እዚህ አልፈርድም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ባይጣሉ ኖሮ ይከሰሱ ነበር ወይ?

በግንቦት 2005 ዓ.ም ደግሞ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ ታሰሩ። አምስት ዓመት ቆዩ። በ2010 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ ክሱ ተቋረጠና ተፈቱ። ሰውየው ሌባ ከነበሩ ለምን ተፈቱ? ካልነበሩ አምስቱን ዓመት ማን ይመልስላቸዋል? መልስ የለም!

ኅዳር 2011 ላይ የሜቴክ ነገር ፈነዳ። ያለ ጨረታ በ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዥ ተፈጽሟል ተባለ። ሜጀር ጀኔራል ክንፈ ዳኘው በካቴና ታስረው በቴሌቪዥን ታዩ። እልልታው ቀለጠ። እንግዲህ 37 ቢሊዮን ብር በአንድ ሌሊት አይወጣም። ገንዘቡ ሲወጣ ፓርላማው ነበረ፣ ኦዲተሩ ነበረ፣ ፀረ ሙስና ኮሚሽኑም ነበረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

«ያ የድሮው ነው፣ አሁን አዲስ መንግሥት ነው» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ አዲሱ እንምጣ። በመስከረም 2014 ዓ.ም አዲስ መንግሥት ተመሠረተ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2014፣ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በአዲስ አበባ ወጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ያልቆጠቡ ሰዎች በመረጃው ውስጥ ገብተዋል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ኃላፊና ባለሙያዎች ታሰሩ። እውነቱን ለመናገር አስተዳደሩ ራሱ ገልጦ መሰረዙ አንድ ነገር ነው። ግን እዚህ ጉለሌ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ተመዝግቦ፣ ከሽመናው ሳንቲም እየቀነሰ የሚቆጥብ ሰው አለ። ያን ዕለት ልቡ ሁለት ጊዜ ነው የተሰበረው።

ከዚያስ? በኅዳር 2015 ዓ.ም ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኧረ ለመሆኑ ከ1993 ጀምሮ ኮሚሽን እያለ ኮሚቴ ምን አስፈለገ? ኮሚሽኑ የማይሠራ ከሆነ ይነገረን፤ የሚሠራ ከሆነም ይተውለት። ሹም የሾመው ኮሚቴ ሹምን ሊመረምር!

እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት አንዲት ወረቀት ለማሳደስ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን በር ላይ ያገኘሁት ሰው፣ «ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ነው የምትለፋው፤ የሻይ በልና ግባ» አለኝ። አልከፈልኩም፤ ወረቀቱም ሳይታደስ ከረመ። ያ በር ላይ የቆመ ሰው ይኼን ከማን ተማረ? ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። ዘመቻ ሲታወጅ ግን መጀመሪያ የሚያዘው እሱው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668 ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ አለ። ተሿሚው ሀብቱን ያስመዘግባል፤ ከቤተሰቡ መረጃ በቀር የተመዘገበው ለሕዝብ ክፍት ይሆናል ይላል። ታዲያ አንባቢዬ፣ የአንድ ሚኒስትር ወይም የአንድ ክፍለ ከተማ ሥራ አስፈጻሚ ሀብት በጋዜጣ ወጥቶ አይተህ ታውቃለህ? ሲሾም የነበረው፣ ሲወርድ ያለው ጎን ለጎን ይታተምልን። ቆጠራውን እኛ እንችልበታለን። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ፓርላማ ፊት የሚያነበውን ጉድለት ደግሞ ፓርላማው ሰምቶ ከማጨብጨብ ይልቅ ተጠያቂውን በስም ጠርቶ ይጠይቅ። ዳኛም በዋስ በፈታ ማግስት ሕግ አይለወጥበት። ጋዜጠኛም ሹሙ ወንበር ላይ ሳለ ይጻፍ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት አባቶቻችን የዘመናቸውን ጉድ ነው የተናገሩት። እኛ ዘንድ ደግሞ የበላውም የሚታወቀው ሲሻር ሆነ። ወንበር ላይ ያለውን ሌባ ሌባ ማለት እስክንችል ድረስ የሥነ ምግባር ዘመቻ የተጣሉ ጌቶች መበቀያ ሆኖ ይቀጥላል። በታክሲ ውስጥ ያሉት አባትም «ማን ወረደ?» ማለታቸውን አይተዉም።

ቸር ወሬ ያሰማን!